ከግራሩ ሥር የማልሁት

አዳማ፣ የካቲት ፲፪ ቀን ፲፱፻፳፪ ዓ.ም.

ለውድ ልጄ ለሆራ ሰንበታ፣
ፓሪስ

እንደምን ሰንብተሃል ልጄ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነን። ደኅና ነን ስል ቆመን መሄዳችንን ማለቴ ነው።

መምህርህ ሙሴ ላምበር ደብዳቤህን ይዞ በሰላም ደረሰ። «የግሪክና የሮማ ነጋዴዎች ዕቃ እስከ አዋሽ ደርሶ እንደሆነ ሊፈልግ ነውና፣ አባባ፣ አስተርጓሚ ይሁኑት» ብለህ ጽፈህልኝ የለ? ከባቡር ጣቢያው ሹም ፈቃድ ጠይቄ አብሬው ወደ አዋሽ ወረድሁ። ሰውዬው ደግ ነው። ቀኑን ሙሉ አፈር በብሩሽ ሲጠርግ ስለሚውል የእኛ ሰዎች «ይኼ ፈረንጅ መሬት ያበጥራል» እያሉ ሳቁበት። በአሥራ አንደኛው ቀን ከአንድ አሮጌ መቃብር ውስጥ ሰማያዊ የብርጭቆ ዶቃ አገኘ። ከሮማ አገር የመጣ ነው ብሎ በደስታ ዘለለ። ከዶቃው ጋር የባለ ዶቃው ዐጽም ነበር።

ያንተን ምክር ያነሣው እዚህ ላይ ነው። «የተገኘውን ለአገሬው ማሳየት አለብን፤ ዕውቀት የዩኒቨርሲቲ ብቻ አይደለም ብሎ ሆራ መክሮኛል» አለኝ። ምክሩስ መልካም ነበር፣ መካሪው ግን ዘመዶቹን ረስቷል።

ቅዳሜ፣ በገበያው ቀን፣ ከግራሩ ሥር ጠረጴዛ ዘረጋ። ሕዝቡ ግጥም አለ። ከወንዙ ወዲህ ያሉት የነሁንዴ ሰዎችም፣ ከወንዙ ማዶ ያሉት የነኑሬ ሰዎችም ነበሩ። በግጦሽ ተዋግተው የታረቁት ገና አምና መሆኑን ታውቃለህ፤ አጎትህን የቀበርነው በዚያ ጠብ ነው። ሙሴ ላምበር ዶቃውን አሳያቸው፣ ወደዱት። ቀጥሎ የራስ ቅሉን አንሥቶ፣ በላዩ ያለውን ቀዳዳ በጣቱ እያመለከተ ተናገረ። እኔ ሞኙ፣ ዕድሜዬን የባቡር ጭነት ወረቀት ስተረጉም የኖርሁት፣ ቃሉን ሳላስብ ለሕዝቡ አቀበልሁት።

«ይህ ሰው የሞተው በጦር ተወግቶ ነው» አልሁ።

ሽማግሌው ሁንዴ በትራቸውን ተደግፈው ተነሡ። መቃብሩ ያለው በእርሳቸው መሬት ላይ ነው፤ የአባቶቻችን ነው ይላሉ።

«ኤኙቱ አጄሴ?» አሉ። ማን ገደለው?

ለሙሴ ብነግረው ሳቀ። «አንድ ሺህ ስምንት መቶ ዓመት ሆኖታል በላቸው» አለኝ። አልኋቸው።

«እንግዲያ አንድ ሺህ ስምንት መቶ ዓመት ሙሉ ጉማውን ሳንጠይቅ ኖረናላ!» አሉ ሁንዴ።

እንደምታውቀው በእኛ ዘንድ ደም ዓመት አይቆጠርለትም። ጉማው፣ የደሙ ካሣ፣ እስኪጠየቅ ድረስ ሟቹ ትናንት የወደቀ ነው። ሁሉም ወደ ማዶ ሰዎች ዞረ። ሌላ ጎረቤት ከየት ይምጣ? የኑሬ ልጆች ሊሸጡት ያመጡትን ጨው ጥለው ጦራቸውን አነሡ።

ያን ጊዜ ዋሸሁ፣ ልጄ። «ተሳስቼ ነው! ከተቀበረ በኋላ የመቃብሩ ድንጋይ ተንዶበት ነው ቅሉ የተበሳው የሚለው!» ብዬ ጮኽሁ። ሁንዴ ወደ ሙሴ ቢመለከቱ፣ እርሱ ምን እንዳልሁ ሳያውቅ ፈገግ ብሎ ራሱን በአዎንታ ነቀነቀላቸው።

«ራሱንስ ነቀነቀ፤ ቃሉን የሰማነው ግን ካንተ አፍ ነው። ማል» አሉኝ።

«በእግዚአብሔር ስም…»

«በእግዚአብሔርማ ሁሉም ይምላል። አንድ ልጅ አለህ አይደል? በእርሱ ማል።»

የኑሬ ታናሽ ልጅ ጦሩን ሲሰብቅ አየሁ። ማልሁ። እንዴት ተብሎ እንደሚማል ታውቃለህ፤ በወረቀት አልደግመውም።

ጦሩ ወረደ። ሁንዴ ቅሉን በጋቢያቸው ጠቅልለው መልሰው ቀበሩት፣ የማዶ ሰዎችም ሳይመሽ ወንዙን ተሻገሩ። ሙሴ ላምበር ቅሉን ተቀማሁ ብሎ በጣም ተቆጣ፤ ፎቶግራፉን ግን አስቀድሞ አንሥቶታል። ሰኞ በባቡር ይሄዳል። በዩኒቨርሲቲያችሁ ሕዝብ ሰብስቦ ሊናገርበት፣ ኋላም በጋዜጣ ሊያሳትመው ነው። ጋዜጣው ደግሞ ከጅቡቲ በዚያው ባቡር ተመልሶ አዳማ ይወርዳል፤ እዚህ ፈረንሳይኛ የሚያነብ እኔ ብቻ አይደለሁም። ስለዚህ መምህርህን ለምንልኝ። የጦሩን ነገር ይጻፍ፣ እውነቱን ቅበር አልልህም፤ የቦታውን ስም ግን ይተው። ቦታው ያልታወቀ ዕቃ ለትምህርታችሁ እንደማይረባ ነግሮኛል። ቢሆንም ለምነው፣ እምቢ ካለህም ተጣላው።

እናትህ ወሬውን ከገበያተኛ ሰማች። «የማልከው እውነት ነው?» አለችኝ። «አዎን» አልኋት። ዓይኔን አይታ ወጣች። ከዚያ ወዲህ ምግቤን ታቀርባለች እንጂ አታናግረኝም።

እዚያ አገር አውቶሞቢል ይበዛል አሉ፤ መንገድ ስትሻገር ግራ ቀኝህን እይ። ብርዱን አትናቅ። ወንዝ ገብተህ አትዋኝ። ይህ ደብዳቤ እንደደረሰህ፣ ሳትቀመጥ፣ ደኅና ነኝ የሚል አንድ መስመር በገዛ እጅህ ጽፈህ ላክልኝ። ስለ ዶቃው ሌላ ጊዜ ትጽፍልኛለህ። እኔ የፖስታው ከረጢት በተፈታ ቁጥር ጣቢያው ላይ ቆሜ እጠብቃለሁ።

ሳልመርቅህ ደብዳቤ ዘግቼ አላውቅም። ዛሬ ግን በዚያ በማልሁበት አፍ ልመርቅህ ፈራሁ። እናትህን ጠራኋት፣ መጥታ ከኋላዬ ቆመች። ከዚህ በታች ያለው የእርሷ ቃል ነው፦

«ልጄ ሆራ፣ የማንም ቃል አይድረስብህ። አባትህ ከተናገረው እግዚአብሔር ይሰውርህ። ዕድሜህ ይርዘም፤ አንተው ቅበረኝ።»

አባትህ
ሰንበታ ፈዬራ