ልጄን በእህል ሚዛን ለመዘኑት መልማይ

ይድረስ ለተከበሩ አቶ ውበቱ፣ የአዲስ አበባው መምህራን ማሠልጠኛ አዲስ የተማሪ መልማይ
ከመካነ ሰላም፣ ጥቅምት 1967 ዓ.ም.

ከሁሉ አስቀድሜ፣ በጭቃው መንገድ የተንገላታው ወገብዎ እንዲጠናልዎ፣ ጤናና ዕድሜም እንዳይጓደልብዎ እመኛለሁ። እኔ የብርሀንነሽ አባት፣ ልብስ ሰፊው አራጌ ነኝ። ባለፈው ሳምንት ከተማችን ተገኝተው ለሥራው አዲስ መሆንዎን ስለነገሩን፣ ባይነግሩንም ደርሰንበት ስለነበር፣ ለሚቀጥለው ጉዞዎ ይበጃሉ ያልኳቸውን ጥቂት ነገሮች በአደባባይ ላቀርብልዎ ደፍሬአለሁ።

፩ኛ. ስለ ተቋሙ ሊነግሩን በሰበሰቡን ዕለት ትምህርቱን በአንድ ትንፋሽ ጨርሰው፣ ስለ ምግብ ቤቱ ግን ከጠዋቱ ዳቦ እስከ እሑዱ ሥጋ ወጥ ሳይሰስቱ ስለተረኩልን እናመሰግናለን። ረኃቡ ገና ከደጃችን ባልራቀበት ዓመት እንዲህ ያለ ንግግር ሰምተን አናውቅም። በማግስቱ የልጅ ልጅ ያዩት አቶ አባተ ለምዝገባ ተሰልፈው ሲያገኟቸው ሊቆጧቸው አይገባም ነበር፤ ማስተማሩን ባይችሉም መብላቱ አያቅታቸውም።

፪ኛ. ከአቀስታ በእግራቸው የመጡትን ልጆች ዘገያችሁ ብለው መመለስዎ ሰዓት አክባሪነትዎን አስመስክሯል። እርስዎ ከቀጠሮው ሁለት ቀን አሳልፈው መድረስዎን ግን እንግዳ ነዎት ብለን አላነሳነውም፤ አሁንም አላነሳውም።

፫ኛ. መመሪያዎ የአመልካች ክብደት ይታይ ስለሚል፣ የሰው ሚዛን ሲጠፋ ከእህል ነጋዴው መዋስዎ ብልሃት ነበር። ነጋዴው ግን ሁለት ሚዛን አለው፤ በአንዱ ከገበሬ ይገዛል፣ በሌላው ለእኛ ይሸጣል። እዚህ አገር የመግዣው ነው ወይስ የመሸጫው ብሎ ሳይጠይቅ ሚዛን ላይ አንዲት ቁና የሚያስቀምጥ ሰው የለም። ለእርስዎ የቀረበልዎ የመግዣው ነው። ዘመን ተለውጦ ስንቱ ባለ ሥልጣን ከወንበሩ ሲወርድ ያ ሚዛን ከቦታው አልተነቃነቀም፤ ሙሉውን ኩንታል ጎደለ ሲል ኖሮ፣ በትምህርቷ አንደኛ የወጣችውን ልጄንም ጎደለች አለ፣ እርስዎም አመኑት። ለከርሞ ትምጣ ብለው በፈገግታ አሰናበቷት። ከርሞ ማለት እዚህ ምን እንደሆነ ባይነግሩን ይሻላል፤ አምና ለከርሞ የተባባልናቸውን ብዙዎቹን ቀብረናል። ልጄ ከስታ ከሆነም ድርሻዋን ለታናናሾቿ ስታካፍል ነው፤ ይህ ያንገበግበኛል፣ አልደብቅዎትም።

ስለዚህ ትምህርቱ ሳይጀመር በደሴ ሆስፒታል ሚዛን ተመዝና ወደ እርስዎ እንድትመጣ በነገው የጭነት መኪና አሳፍራታለሁ። በር ላይ እንዳይመልሷት በትሕትና እለምናለሁ።

በመግዣውም ሆነ በመሸጫው ሚዛን ልኩ የማይለወጥ አክብሮቴን እያቀረብኩ፣ ለደከሙልን ድካም ሁሉ ፈጣሪ እንደ ሥራዎ እንዲከፍልዎ የምጸልይ፣

አራጌ ፈንታሁን

ማስታወሻ፦ ልጄ እንዴት እንደምትቆም ሊያሳዩዋት ቀድመው ሚዛኑ ላይ የወጡት እርስዎ ነበሩ። እርስዎ ሲያስረዱ እኛ ቁጥሩን ከጎን አነበብን፤ ለወንድ ከተቆረጠው ልክ በታች ነዎት። ጎረቤታችን ሀጀራ ይህን ስትሰማ፣ ረኃቡ አዲስ አበባም ገባ ወይ ብላ አዝና ዱዓ አደረገችልዎ፤ ከቤቷ የቀረችውንም በሶ ቋጥራ በልጄ እጅ ልካልዎታለች። እባክዎ መጀመሪያ ይብሉ፤ ልጄን ከዚያ በኋላ ይመዝኗት።