ልጁን ለእናትሽ ስጪ

ሰኞ፣ መስከረም 12 ቀን 2018፣ ከሚሴ

መዲናን ዛሬ ዘጠነኛ ክፍል አስገባናት። ታላቅ እህቷ ሰዓዳ ሕፃን ልጇን አዝላ ከጨፋ ሮቢት ድረስ መጣች። «የመጀመሪያውን ቀን የማደርሳት እኔ ነኝ» ብላ ቦርሳውን ከመዲና ነጥቃ ያዘች።

የትምህርት ቤቱ ዘበኛ ቦርሳውን አየና ወደ ሰዓዳ ተጣራ። «ኮቱ፣ ነይ! አዲስ ተማሪ በዚህ በኩል ነው። ልጁን ለእናትሽ ስጪና ሰልፉ ሳያልቅ ግቢ!»

ሰዓዳ እጇን ወደ ማዘያው ቋጠሮ ሰደደች። እኔም ሳላስበው ልጁን ልቀበል እጄን ዘረጋሁ።

«ኧረ አባባ፣ ተማሪዋ እኔ ነኝ!» አለች መዲና እየሳቀች።

ሰዓዳም ሳቀች። «ለእኔማ ዩኒፎርሙ ደረቴ ላይ አይቆለፍም» አለችና ቋጠሮውን መልሳ አጠበቀች።

አባታቸው ሲሞት ከስምንተኛ ክፍል አስወጥቼ የዳርኳት እኔ ነኝ። አንድም ቀን ወቅሳኝ አታውቅም።

ከተመለስን ጀምሮ መቀመጥ አቃተኝ። መጽሐፍ ገልጬ አንዱን ገጽ እደጋግማለሁ፤ አይገባኝም። ሰዓዳ ጓዳ ሆና ልጇን እያጠባች ነው። ነገ ወደ ባሏ ትመለሳለች። የማታ ትምህርት አለ፤ ልጁን እኔ እይዝልሻለሁ ልላት እነሳለሁ፣ ከጓዳው በር እመለሳለሁ። ባሏ ምን ይል ይሆን? እሷስ እንቢ ብትል?

ያ ረቢ፣ የምፈራው እንቢታዋን እንኳ አይደለም። እሺ ብላ ደስ ካላት በኋላ ቀና ብላ አይታኝ፣ «እማዬ፣ ይኼን ሁሉ ዓመት ለምን ዝም አልሽ?» እንዳትለኝ ነው።