የላላው ቡሎን

ጠዳ ለሚኖሩት፣ ለተከበሩት ለባለቤቴ ታላቅ ወንድም፤

አያ፣ እንደምን ከረሙ? ወገብዎን ተሻለዎ ወይ? ቤተሰቡስ ሁሉ ደኅና ነው? እኛ ፈጣሪ ይመስገን አለን፤ ልጄ አምሐም፣ የእርስዎም ልጅ፣ ጤነኛ ነው።

የምጽፍልዎ ስለላኩልን መካኒክ፣ ስለ አስናቀው ነው። ሸጋ ሰው ነው ብለውኝ ነበር። እኔ ግን አላመንሁትም።

ቅዳሜ ከሰዓት መጥቶ የፒክአፑን የታይሚንግ ቺንጋ፣ ያን ሞተሩ ላይ የሚዞረውን ጥርሳም ቀበቶ፣ ቀየረ። እኔም ሟቹ ወንድምዎ የተወውን የመኪና መጽሐፍ ይዤ አጠገቡ ቆምሁ፤ እንግሊዝኛውን በመዝገበ ቃላት እየፈታሁ አንብቤዋለሁ። በቺንጋው ላይ ያለውን ነጭ መስመር ቺንጋው ከሚዞርበት ከፑሌጃው ምልክት ጋር ገጥሞ አስገባ። ሞተሩን በእጁ ሁለት ዙር ሲያዞረው ነጩ መስመር ከቦታው የለም። አዛባኸው አልሁት። ሳቀብኝ። እትዬ፣ ቺንጋ ይሄዳል፣ ቀለሙ ለማስገቢያ ብቻ ነው፣ የፑሌጃዎቹ ምልክቶች ከገጠሙ በቂ ነው አለኝ። ወደ አምሐ ዞሮም፣ እናትህ እንደ ቶማስ ጣታቸውን ካላስገቡ አያምኑም ብሎ ቀለደ።

መጽሐፉም የሚለው እንደዚያው ነው። ቢሆንም እውነት የሚናገር ሰው ሁሉ እውነት አይሠራም።

ውጥረቱን በአውራ ጣቱ ተጭኖ አየው። ከጠበቀ ያፏጫል፣ ከላላ ጥርስ ይዘላል፣ ያን ጊዜ ሞተሩ አለቀለት አለ። እኔ ክርክሩን አልተው ስለው፣ ነገ ጠዋት በብርሃን አሳይዎታለሁ ብሎ የቺንጋውን ክዳን ሳይገጥም ሄደ።

ሲነጋ አምሐ ሰሊጥ ሊጭን ወደ ሳንጃ ለመውረድ ቸኩሎ የመኪናውን ቁልፍ አነሣ። አታስነሣ አልሁት። ምነው፣ ምን አውቀሽ አለኝ። ልቤ አልወደደውም አልሁት። አስናቀው ደርሶ ቢያይ፣ ቺንጋውን የሚወጥረው ቡሎን ላልቷል። አጥብቄው ነው የሄድሁት፣ ቡሎን በራሱ አይላላም ብሎ ማለ። የግቢው በር ተቆልፎ ነው ያደረው፤ የበሩም ቁልፍ እኔው ዘንድ ነበር። እንግዲህ ከእሱ በቀር ማንን ልጠርጥር?

አያ፣ አምሐ የሚሰማው እርስዎን ነው። ይህ መኪና የሳንጃን ቁልቁለት አይችልም ይበሉት። እዚያው እርስዎ ዘንድ፣ ሜዳው ላይ፣ ሥራ ይፈልጉለት። አባቱም በዚያ ቁልቁለት ሕይወቱ ባለፈበት ቀን ሞተሩ ድምፅ አለው፣ ዛሬ ልቅር ብሎ ነበር። ሂድ ያለው ማን እንደሆነ እርስዎ አንድ ቀን ጠይቀውኝ አያውቁም። እግዜር ይስጥልኝ።

አስናቀውን ግን ይጠንቀቁት። ቡሎኑን መልሶ ሲያጠብቅ ቀና ብሎ ጥቁር ዘይት የነካቸውን ጣቶቼን አየ። ለአምሐ ምንም አልነገረውም። ልጁ ፊቱን ሲያዞር ጠብቆ ቤንዚን የነካ ጨርቅ አቀበለኝ። ምን ማለቱ ነው? እንዲህ ዝም የሚል ሰው ያስፈራኛል።

ቅዱስ ሩፋኤል ወገብዎን ያጽናልዎ፤ ደጅዎ ሰው አይጣ።

የወንድምዎ ሚስት