ስሙን ያልጠየቅነው የመስቀል እንግዳ

እሑድ፣ መስከረም 14

ስም አይጠየቅም አለ ላምቦሬ። እንግዳ ማን ነህ፣ ከየት መጣህ አይባልም። እግሩን ይታጠባል፣ ገብቶ ይቀመጣል፣ በቃ። ባሌ ባይሆን ኖሮ እሰድበው ነበር።

ቤተ ክርስቲያናችን ሳትታሸግ በፊት እንግዳ መቀበል የኔ ሥራ ነበር። ለመስቀል ከአዲስ አበባ፣ ከዳምቦያ፣ ከአዲሎ የመጣውን ሁሉ በጉባኤው ፊት አስነሳለሁ። አፍሮ የተቀመጠውን ክንዱን ይዤ አስነሳዋለሁ። ስሙንና የማን ዘመድ እንደሆነ ይናገራል፤ እኛም ቆመን፣ ስሙን መዝሙሩ መሃል እያስገባን እንዘምርለታለን። የሚያለቅስም ነበር። አሁን ቤተ ክርስቲያኗ የቀበሌው ማዳበሪያ መጋዘን ሆናለች፤ የምንሰበሰበው እትዬ ዘነበች ቤት ነው። በመስቀል ሰሞን ሁሉም ቤት በእንግዳ ስለሚሞላ የኛ መብዛት አያስጠረጥርም።

ላምቦሬ የሚፈራው ያለ ምክንያት አይደለም፤ የማናውቀውን ስም ተገርፈንም አናወጣም ይላል። ወንጌላዊ ነው። አንዴ ታስሮ፣ ዳግመኛ አልሰብክም ብሎ ፈርሞ ነው የወጣው። አሁን ቢይዙት አይመለስልኝም።

ለነገ፦ ሳፋ፣ ሳሙና፣ የእትዬ ዘነበች ፎጣዎች፣ ቅቤ። ውሃው ለብ ይበል፤ በቀዝቃዛ ውሃ እግር ማጠብ ስድብ ነው።

ሰኞ፣ መስከረም 15

ዝናብ። ጭቃው ለጉድ ነው። የዳምቦያዎቹ በእግራቸው ስለመጡ እስከ ጉልበታቸው ተለውሰዋል። ሳጥብ ውዬ ወገቤ ተቆረጠ፣ ግን ደስ ብሎኛል። ስም ካልተጠየቀ እግር ልወቅ ብዬ ሁሉንም ሁለት ሁለት ጊዜ በሳሙና አሸኋቸው። የአዲስ አበባዎቹ እግር የሕፃን እግር ነው፤ ሳቅሁባቸው።

ከሰዓት በኋላ መስኮቱን ሁሉ ዘግተን ተሰበሰብን። አብዮት ጥበቃዎቹ እንዳይሰሙ የምንዘምረው አፋችንን ገጥመን ነው። አዲስ እንግዶች መጀመሪያ ይደነግጣሉ። ቤቱ በሰው ተሞልቷል፣ የማንም ከንፈር አይንቀሳቀስም፣ ግድግዳው ግን ያጉረመርማል። ለምጄዋለሁ እላለሁ እንጂ አልለመድኩትም።

በሩ ጥግ አንድ ሰው ተቀምጦ አየሁ። ቀጭን፣ ግራጫ ኮት የለበሰ። ጥቁር የቆዳ ጫማውን አላወለቀም። መቼ ገባ? በሩ ላይ የቆምኩት እኔ ነኝ። የእትዬ ዘነበች ውሻ እኔን እንኳ ሳይጮህብኝ አያሳልፍም፤ ለእሱ ግን አልጮኸም።

ማክሰኞ፣ ደመራ

ሰውየው ዛሬም መጣ። የዳምቦያዎቹን ጠየቅኋቸው፤ ከአዲስ አበባ ነው አሉ። የአዲስ አበባዎቹን ጠየቅኋቸው፤ ከዳምቦያ መስሏቸዋል። እትዬ ዘነበች ደግሞ፣ «ውይ! ያንቺ እንግዳ አይደል እንዴ? ትናንት አታካናው ላይ ቅቤ ያበዛሁለት ላንቺ ብዬ ነው!» አለችኝ። ሳህኑን አሳየችኝ። የአታካናው ቡላ እንደቀረበለት ነው፣ ቅቤው ላዩ ላይ ረግቷል። አልነካውም።

ስንዘምር ሆን ብዬ አጠገቡ ቆምኩ። ሁሉም አፉን ስለገጠመ ማን እንደሚዘምር፣ ማን ዝም እንዳለ በዓይን አይለይም። በጆሮ ግን ይለያል። ከሱ በኩል ምንም አይሰማም፣ ትንፋሹ እንኳ።

ለላምቦሬ ነገርኩት። «የማንን እንግዳ ከደጅ እንመልስ?» አለኝ። ይሄ ትዕግሥቱ አንዳንዴ ያናድደኛል።

ረቡዕ፣ መስቀል

ጥሩ ቀን ሊሆን ይችል ነበር። ፀሐይ ወጣ፣ ሥጋው ጣፈጠ፣ እንግዶቹ የራሳቸው ቤት እስኪመስላቸው ተጫወቱ። አንዲት የአዲሎ እናት ግንባሬን ስማ መረቀችኝ።

ሰውየው ግን ከበሩ ጥግ ተነስቷል። ዛሬ የተቀመጠው ፊት ለፊት፣ ላምቦሬ ከሚቆምበት ፊት ነው። ላምቦሬ ሲናገር ፊቱን አያየውም፤ እግሩን ነው የሚያየው። ላምቦሬ ከእስር ከወጣ ወዲህ ተረከዙ መሬት አይረግጥም፣ ያነክሳል። ሰውየው ዓይኑን ከዚያ እርምጃ ላይ አላነሳም።

ፈራሁ። 

ሐሙስ፣ መስከረም 18

ሳፋዬን ይዤ በሩ ላይ ጠበቅሁት። ውሻው ዛሬም ለእሱ አልጮኸም።

«እግርዎን አልታጠቡም» አልኩት።

«ደህና ነኝ፣ እህቴ።»

«ሦስት ቀን ሙሉ ሳይታጠቡ ገቡ፤ አሳፈሩኝ እኮ!» ብዬ ክንዱን ስቤ አስቀመጥኩት። ድሮ እንግዳ የማስነሳበት እጄ ዛሬ ለማስቀመጥ ዋለ። የጫማውን ክር ራሴ ፈታሁት። ጫማውን አውልቄ እግሩን ሳፋው ውስጥ ከተትኩት።

ውስጥ እግሩን ሳይ እጄ ውሃው ውስጥ ቀረ። የተኮማተረው ቆዳ፣ ተሰንጥቆ የገጠመው ተረከዝ፣ የማያድገው ጥፍር። ይህን እግር አውቀዋለሁ። ስንት ወር በጨው ውሃ እየዘፈዘፍኩ በቅቤ ያሸሁት የባሌ እግር ነው። የኛ ሰው ነው! ተገርፎ የወጣ ወንድም ነው! በጥርጣሬዬ አፈርኩ፣ እንባዬ መጣ፣ ቀስ ብዬ አጠብኩት።

ጎንበስ አለና ጆሮዬ ሥር፣ «ነገ ባልሽ እዚህ ቤት እንዳይገኝ» አለኝ።

ፎጣውን ሳይቀበል ጫማውን ይዞ ወጣ። የማን ሚስት እንደሆንኩ ማን ነገረው?

ለላምቦሬ ነገርኩት። ፊቱ አመድ መሰለ። «የተገረፈ ሁሉ ዝም ብሎ አይወጣም» አለኝ። «አንዳንዱን የሚለቁት ሌላውን እንዲጠቁማቸው ነው። እኔንም ጠይቀውኝ ነበር።» ይህን እስከ ዛሬ ነግሮኝ አያውቅም። ምን አልካቸው አልኩት። «ራሴን ሳትኩ። ባልስት ኖሮ ምን እንደምል እንጃ።»

ዓርብ፣ መስከረም 19

ጎህ ሳይቀድ ላምቦሬ የዳምቦያዎቹን ጓዝ ተሸክሞ እንደ ዘመድ አብሯቸው ሄደ። ሌሎቹ በየቤታቸው እንዲውሉ መልእክት ላክንላቸው። ሴቶቹ ብቻ እትዬ ዘነበች ቤት ተቀመጥን፤ ባዶ ቤት ደግሞ ያስጠረጥራል።

ከሰዓት በኋላ አንድ ካድሬ የያዘ ላንድሮቨር መጣ። ሰውየው ከፊት፣ ከሹፌሩ ጎን ተቀምጧል። ውሻው ዛሬ እስኪያንቀው ጮኸ።

«ስብሰባው የት አለ?» አለ ካድሬው።

«የምን ስብሰባ ልጄ፣ መስቀል ነው» አለች እትዬ ዘነበች። «ግባና ብላ።»

ካድሬው ወደ ሰውየው ዞረ። «እዚህ ነው አላልክም? የታለ?»

ሰውየው እያንዳንዳችንን አየን። እኔንም አየኝ። «ተሳስቻለሁ። ቤተ ዘመድ ናቸው» አለ።

እጄ እንደ ልማዱ ሳፋውን አነሳ። «ግቡ፣ እግራችሁን ታጠቡ» አልኩ። ካድሬው ሰደበኝ። ሰውየው ውሃውን አየና ዓይኑን መለሰ።

ሲሄዱ ከፊት አላስቀመጡትም። ከኋላ፣ በሁለት ሰው መሃል ነበር።

ቅዳሜ፣ መስከረም 20

ከዳምቦያ ለገበያ የመጣች ሴት «ጓዙ በደህና ገብቷል» አለችኝ። ላምቦሬ ደርሷል። ተመስገን! መንገድ ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ፣ ሰው ቢያየኝም ግድ አልሰጠኝም።

መቼ እንደሚመለስ አላውቅም። ያንን ሰው የት እንዳደረሱትም አላውቅም። ልጠይቅ ብል እንኳ ማን ብዬ እጠይቃለሁ?

ሳፋውን ልመልስ እትዬ ዘነበች ቤት ሄድኩ። ትልቁ ቤት ባዶ ነው። መስኮቱን ዘጋሁና ቆሜ የእንግዳውን መዝሙር ጀመርኩለት፣ አፌን ከፍቼ፣ ድምፄን ዝቅ አድርጌ። ስሙ የሚገባበት ቦታ ላይ ስደርስ ዝም አልኩ። ከዚያ አፌን ገጥሜ ጨረስኩት።