በሸሚዙ ጀርባ ሦስት መስመር

ሰኞ፣ ሰኔ 3
ሚኒባሱን ለወንድሜ ትቼ ወደ ዋና ከተማችን ካስትሪስ፣ ፍርድ ቤት ወረድኩ። ዕጣ ወጣብኝና ጥፋተኛ ነው አይደለም ብለው ከሚወስኑት ከዘጠኙ የጁሪ አባላት አንዱ ሆንኩ። እኔ፣ ከመኪና መሪ ሌላ የማላውቀው! ተከሳሹ የእኛው መንደር የዴነሪ ጀልባ ሠሪ፣ አልድሪክ ነው። የሰው ጀልባ አቃጥለሃል ተብሎ። በስም እንጂ በቅርብ አላውቀውም።
ዳኛዋ ስለ ጉዳዩ ከሚስታችሁም ጋር ቢሆን አታውሩ አለች። ቤት ስገባ ባለቤቴ ቬርና እንደ ወትሮዋ የሰው ልብስ ስትተኩስ አገኘኋት። ስለ ችሎቱ አንዲት ቃል እንዳታነሺብኝ አልኳት። እሺ አለች።

ማክሰኞ፣ ሰኔ 4
አቤት የአልድሪክ ቁመት! ሸሚዙ ነጭ፣ ድርቅ ብሎ የቆመ። እሑድ እሑድ ቤተ ክርስቲያን የሚዘምረው እሱ ነው አሉ። ምሳ ላይ ሰብሳቢያችን ማ ፊሎ (ጡረታ የወጡ አስተማሪ፣ አሮጊት ናቸው) "እንዲህ ንጹሕ የለበሰ ልጅ እሳት አይለኩስም" አሉ። ዓሣ ሻጩ ጆስሊን ደግሞ ዓይኑን ወዶለታል... ቀና ብሎ ያያል ብሎ። ሳቄ መጣ። የሚፈረደው በመልኩ ነው በሥራው?
ምስክሩ አየሁ ያለው በጨለማ፣ ከኋላ፣ አንድ ረጅም ሰው ነው። ረጅም ሰው በአገሩ ሞልቷል። በዚህማ ሰው አይታሰርም።

ረቡዕ፣ ሰኔ 5
አልድሪክ ቃሉን ሊሰጥ ሲሄድ ጀርባውን አየሁት። ሸሚዙ ላይ ሦስት የካውያ መስመር። ከአንገት እስከ ወገብ፣ ቀጥ ያለ። በዴነሪ እንዲህ አድርጋ የምትተኩስ አንዲት ሴት ብቻ ናት። እናቷ ናቸው ያስተማሯት። እኔ የለበስኩትም ላይ አለ።
ከዚያ በኋላ ምን እንዳለ አላውቅም። ስለ ሰዓት ተናገረ፣ ስለ እናቱ ቤት... ዓይኔን ግን ከፊቱ አልነቀልኩም። ምኑ ነው የማረካት?

ሐሙስ፣ ሰኔ 6
የፖሊሱን ሸሚዝ ስትተኩስ ትነግረኛለች፣ የአስተማሪውንም። የእሱን ለምን ደበቀችኝ? ልጠይቃት አፌን ከፍቼ መልሼ ዘጋሁት። ብትዋሸኝስ? እውነቱን ብትነግረኝስ?
ጠዋት ስትተኩስ መዝሙር ታንጎራጉር ነበር። እሱ የሚዘምረውን ይሆን? እኔ አጭር፣ ቦርጫም፣ ድምፄ ጥሩምባ... አዎ፣ ቀንቻለሁ። እዚህ ደብተር ላይ ምን አሳፈረኝ።

ዓርብ፣ ሰኔ 7
ልንወስን ክፍላችን ገባን። መጀመሪያ ስድስቱ ነጻ ይውጣ አሉ። ማ ፊሎ አሁንም ንጽሕናውን አነሱ። ያኔ ደሜ ፈላ።
"ማ ፊሎ፣ እጁ ንጹሕ የሆነ ሰው ንጹሕ ለመምሰል እንዲህ ይደክማል?"
ጆስሊን መጀመሪያ ዞረ፤ ያ የወደደለት ዓይን አሁን የዓይን አውጣ ሆነበት። ሌሎቹም አንድ በአንድ ተከተሉ። ስለ ጀልባው ያነሳ የለም። እኔም አላነሳሁም። ማ ፊሎና አንዲት ነርስ ብቻ እምቢ እንዳሉ ቀሩ።
ሰባት ለሁለት፣ ጥፋተኛ። ዳኛዋ አራት ዓመት ፈረደችበት።
ደስ ይለኛል ብዬ ነበር።

ቅዳሜ፣ ሰኔ 8
ፊቷን እያየሁ ነገርኳት። አራት ዓመት፣ አልኩ። ካውያውን አስቀመጠች። አለቀሰች... ያን ጊዜ ሸሚዙን አነሳሁባት።
የአልድሪክ እናት የማ ክሌሜንስ ግራ እጃቸው ሽባ ነው አለችኝ። ልጃቸው ከታሰረ ወዲህ የሚያግዛቸው የለም። ለችሎት የሚለብሳቸውን ሸሚዞች የቤተ ክርስቲያን ሴቶች አዋጥተው ገዙ፤ እሷ ተኮሰች። ይኸው ነው። እሱን በቅርብ አናግራው አታውቅም።
"ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?"
"አንዲት ቃል እንዳታነሺብኝ ያልከኝ አንተ አይደለህ?"
ቆይታ፣ በምን ፈረዳችሁበት አለችኝ። ዓይኔን ካውያው ላይ ጣልኩ። ትክ ብላ አየችኝና... ገባት። ከዚያ ወዲህ አላናገረችኝም።

ሰኞ፣ ሰኔ 10
ማ ክሌሜንስ ቤታችን መጡ። ከጓሯቸው ዛፍ የተቀጠፈ አንድ ዳቦ ፍሬ በደህናው እጃቸው አቅፈው። ለእኔ ነው ያመጡት። ወንበር አቀረብኩላቸው፣ አልተቀመጡም።
"እስር ቤት ሄጄ አየሁት" አሉ። "ነጻ ይውጣ ካሉት ከሁለቱ አንዱ አንተ ነህ ብሎኛል። ሌሎቹ ሲያንቀላፉ አንተ ዓይንህን አልነቀልክበትም አለ። ሌላው ቢቀር ያ ሰውዬ ሰምቶኛል አለኝ፣ የኔ ልጅ።"
ቬርና በሩ ላይ ቆማ እኔን ታያለች። እውነቱን እንድናገር ትጠብቃለች።
እግዜር ይስጥልኝ አልኩ። ዳቦ ፍሬውን ተቀበልኩ።
ቬርና ሻርፗን አንስታ ሴትዮዋን ልትሸኝ ወጣች። ጠዋት ነበር። አሁን ዘጠኝ ሰዓት ሆኗል፣ አልተመለሰችም።