ባሌ የወረሰው ስም

እህት ዓለሜ፣

ጉልበትሽ እንዴት ነው? ያንቺ ከተማ ኮቤ ቢያንስ በረዶ አይበዛባትም። እዚህ እስከ መስኮቱ ወገብ ደርሶ ቤቱን በቀትር አጨልሞብናል። ልጆችሽን ሳሚልኝ። እኔ አካሌ ደህና ነው፤ የቀረውን ሰው ፊት መናገር ስላቃተኝ ነው ብዕር ያነሳሁት።

የቤታችንን ደንብ ታውቂዋለሽ፤ ከአባት ወደ ልጅ የሚወረሰውን ጂንቤይ የሚለውን ስም የያዘ ጌታ ከሌለ ሩዝ አይታጠብም፣ የሩዝ መጠጣችን ሳኬ አይጠነሰስም። አባባ ሲያርፉ ስሙ ባለቤት አጣ፤ ብርዱ ደግሞ ገብቷል፣ ሩዙም መጋዘን ሞልቷል። የመቅደሱ መነኩሴ "አርባ ዘጠኙ ቀን ይለፍ፤ ነፍሳቸው ገና ጣራችሁ ሥር ናት፣ ስማቸውን አትንጠቋቸው" ብለውን ነበር። ያጣደፈችን አክስታችን ፉጂኤ ናት። "ሟቹ ራሱ ቢሆን ሩዝ አስቀምጦ ለሞተ ሰው ሲያለቅስ ይውል ነበር እንዴ?" አለች። ሳቅን፤ ስሙንም ለባሌ ሰጠነው።

ቶሞሂኮን በሠርጋችን ፎቶ ብቻ ነው የምታውቂው። ሴንዳይ ከተማ ባንክ ውስጥ ይሠራ የነበረ፣ ለእኔ ሲል አማች ሆኖ እኛ ቤት የገባ ሰው ነው። የሳኬ ሽታ ብቻ ፊቱን ያቀላዋል። ዋናው ጠማቂ ጋሽ ኦሳናይ "ለዚህ ልጅ ሻይ አፍሉለት እባካችሁ" እያሉ ሲያሾፉበት አብሮ ይስቅ ነበር። የወደድኩት በዚያ ሳቁ ነው።

በአርባ ዘጠነኛው ቀን መነኩሴው ነፍስ ሊሸኙ መጡ። ጸሎቱ መሃል ላይ ቆም ብለው ቶሞሂኮን ትክ ብለው አዩት፤ ከዚያ ሻይም ሳይጠጡ ሄዱ።

ከዚያ የዘንድሮው ሳኬ የመጀመሪያ ጭማቂ ተቀመሰ። ከሥሩ ሰማያዊ ቀለበት ያለበትን ነጭ የቅምሻ ሲኒ ለባሌ ሰጡት። አፉ ውስጥ አንከባልሎ እንዲተፋው መክሬው ነበር። ዋጠው። እዚህ ቤት የሚውጡት አባባ ብቻ ነበሩ። ፊቱ አልቀላም። ዓይኑን ጨፍኖ ቆየና "ኦሳናይ፣ ሩዙን ውሃ ውስጥ ረስተኸዋል፤ እናትህ የሞተች ጊዜ እንዳደረግኸው" አለ። እስከዚያች ጠዋት ሽማግሌውን "እርስዎ" ሲል የኖረ ሰው!

ጋሽ ኦሳናይ ግንባራቸውን ምንጣፉን አስነክተው "እውነት ነው ጌታዬ፣ ይማሩኝ" አሉ። ቀና ሲሉ በደስታ ያለቅሳሉ። እናታቸው ሲሞቱ ቶሞሂኮ ገና ተማሪ ነበር፤ የእኛን ቤት ስም እንኳ አልሰማም ነበር። ፉጂኤ "ቤታችን ዳነ!" ብላ አጨበጨበች። ሁሉም ደስ አለው። ከእኔ በቀር።

በዚያው ቀን ፍራሹን ጠቅልሎ ወደ አባባ ክፍል ገባ። ተከትዬው "ምን አጠፋሁ?" አልኩት። ፀጉሬን ዳበስ አድርጎ "ምንም አላጠፋሽም፣ ልጄ" አለኝ። እህቴ፣ ፈራሁ። ባሌን እፈልገዋለሁ፤ ለሳኬው መጣፈጥ ብዬ ለአባባ አሳልፌ አልሰጠውም።

ትናንት ቁርስ ላይ ያንቺን ስም አነሳ፤ እዚህ ቤት የማይነሳውን ስም። "በጠፋችበት ንጋት የበረዶ ጫማዋን ወደ ውጭ አዙሬ ያስቀመጥኩላት እኔ ነኝ። እግሯን እንዳይበርዳት ገለባ ጨመርኩበት። የረገምኳት በሰው ፊት ብቻ ነው" አለ። ሾርባውንም መጠጣት ቀጠለ።

እባክሽ አስታውሺ። ጫማሽን ያገኘሽው ራስሽ እንዳስቀመጥሽው ከሆነ ቶሎ ጻፊልኝ፤ ሐዘን ነው ያናወጠው ብዬ አስታምመዋለሁ። ዞሮ፣ ገለባ ገብቶበት ካገኘሽው ደግሞ፣ አባባ አልጠሉሽምና ደስ ይበልሽ፤ ከልቤ ነው። ለእኔ ግን ቶሞሂኮን የት ሄጄ እንደምፈልገው ንገሪኝ።

ደጃፍሽ ሰላም ይሁን፤ ልጆችሽ ይደጉልሽ። ፉጂኤና ጋሽ ኦሳናይ ናፍቀውሻል። እሱም ስጽፍ አይቶኝ "ሰላም በያት" ብሎኛል፤ የማን ሰላምታ ብዬ እንደምጽፍልሽ ግን አላውቅም።

ታናሽ እህትሽ