ዋንዛ ነው ወይስ ሾላ

ኅዳር ፲፱ ቀን ፲፱፻፴፩ ዓ.ም.

ለታላቅ እህቴ ለማሬ አካለ ወልድ
አማኑኤል

እታለም፣ እንደምን ከርመሻል? ልጅሽ የብርጓልስ ደኅና ናት? እኔ በሕይወት አለሁ። ከቀኑ ጎን ያለሁበትን አገር አለመጻፌን አይተሽ ይሆናል። ረስቼው አይደለም።

ይህን የምጽፈው በገዛ እጄ ነው። አባታችን ሁለታችንንም ፊደል ማስቆጠሩ ጠቀመኝ፤ የእኔንና የአንቺን ነገር ለጸሐፊ እየነገርሁ ማስጻፍ አልችልም ነበር። ወረቀቱን የምታደርስልሽን ሴት ከየት እንደመጣች አትጠይቂያት።

አስቀድሜ ስለ ሕመሜ ልንገርሽ። ለቅቆኛል። ሽንቴ አያቃጥለኝም፤ ወገቤን አይቆርጠኝም፤ ትኩሳቱም ጠፍቷል። መድኃኒትሽ ሠርቷል፤ ይህን አልክድሽም።

በነሐሴ እንዴት ሆኜ እንደመጣሁብሽ ታስታውሻለሽ። ክረምቱን ከባሌ ከአንሙት ጋር ከአርበኞቹ መካከል በዱር ከርሜ፣ እርጥብ ድንጋይ ላይ እየተኛሁ፣ ልብሴ ገላዬ ላይ እየደረቀ ነው የታመምሁት። በወንዶች መካከል ያለች ሴት ደግማ ደጋግማ ከቋጥኝ ኋላ ስትመላለስ ምን ያህል እንደምታፍር ልነግርሽ አልችልም። ጠብ ጠብ እያለ እንደ እሳት ይፈጀኝ ነበር። አፍሬ ደብቄው ከርሜ፣ ደም ሲቀላቀልበት ለአንሙት ነገርሁት።

"ለዚህ እንደ እህትሽ የሚያውቅ የለም፤ ወደ ማሬ ትሄጃለሽ" አለኝ።

"ባሏ ፈንታ ለጣልያን አድሮ የለም ወይ?" ስለው፣

"እሷ ግን የእናትሽ ልጅ ናት" አለኝ።

እስከ ከተማው ዳር ሸኘኝ። ሲለየኝ አደራ ያለኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የምንውልበትን ቦታ ለማንም እንዳልናገር።

አንቺም ተቀበልሽኝ። ጓዳ አስተኛሽኝ። ተልባ አምሰሽ፣ ወቅጠሽ፣ ውሃውን አጥልለሽ በባዶ ሆዴ አጠጣሽኝ። የገብስ ውሃ አፍልተሽ፣ አቀዝቅዘሽ ቀኑን ሙሉ ታስጎነጪኝ ነበር። ከጓሮሽ በቆሎ ፀጉሩን እየነጨሽ አፈላሽልኝ። በርበሬና ጠላ ከለከልሽኝ። ድንጋይ አሙቀሽ፣ በጨርቅ ጠቅልለሽ ወገቤ ላይ ስታደርጊልኝ እናታችን ቤት ያለሁ ይመስለኝ ነበር።

ፈንታ የጣልያንን ሹመት ተቀብሎ ከደብረ ማርቆስ ሲመለስ ልሸሽ ተነሥቼ ነበር። ክንዴን ይዘሽ አስቀመጥሽኝ። "ፈንታ ሰላም ብቻ ነው የሚፈልገው፤ ቤቱ የገባ ዘመድ አይነካም" አልሽኝ። እሱም ገባና "እግዜር ይማርሽ" አለኝ። ከአንድ መሶብ በላን።

ከዚያ በኋላ አንድ ጠዋት ተልባውን እያቀበልሽኝ፣ "የምትጠጡት ውሃ ከየት ነው?" አልሽኝ።

የአንሙት አደራ ትዝ ብሎኝ ተልባውን መጠጣት ያዝሁ።

"ሕመሙ ከውሃው ከሆነ ብትድኚም ተመልሶ ይይዝሻል። ከምን እንደመጣብሽ ሳላውቅ እንዴት አድርጌ ላድንሽ?" አልሽኝ።

እውነትሽን ነው ብዬ ከገደሉ ሥር ስለሚፈልቀው ምንጭ ከነቦታው ነገርሁሽ።

ሁለተኛ የጠየቅሽኝ ድኜ ልሄድ ስነሣ ነው። ተልባና አብሽ በጨርቅ እየቋጠርሽልኝ፣ አብሹን እንዴት እንደምዘፈዝፈው እየነገርሽኝ፣ በመካከሉ "ያ ምንጭ፣ በላዩ ያለው ዛፍ ዋንዛ ነው ወይስ ሾላ?" አልሽኝ። "ዋንዛ ነው" አልሁሽ። ያን ጊዜ ምንም አልመሰለኝም።

መስቀል አልፎ ጥቂት እንደቆየን አንሙት ውሃ ሊቀዳ ወረደ። ውሃ የምቀዳው እኔ ነበርሁ። ከአንቺ ዘንድ ድኜ ከተመለስሁ ወዲህ ግን "ወገብሽ ገና ነው" እያለ እንስራ አያሸክመኝም ነበር። እኔ ከላይ እንጨት እየለቀምሁ ተኩስ ሰማሁ። ሮጠን ስንደርስ የተኮሱት ሄደዋል። አንሙት ምንጩ ውስጥ በግንባሩ ተደፍቷል፤ ውሃው ቀልቷል። ጎትቼ ያወጣሁት እኔ ነኝ። ቄስ አላገኘንም፤ ያለ ፍትሐት ቀበርነው።

በጥቅምት አወቀ የሚባል ባንዳ ከነጠመንጃው ከድቶ ወደ እኛ መጣ። አለቃችን ባላምባራስ ዓባይ ሲመረምረው እኔም እሰማ ነበር።

"ምንጩን ማን አመለከታችሁ?" አለው።

"የአማኑኤሉ ሹም ፈንታ ነው። 'ከገደሉ ሥር ሁለት ምንጭ አለ፤ ሾላ ያለበትን ተዉት፣ ዋንዛ ያለበት ዘንድ አድፍጡ' ብሎ ላከን" አለ።

እታለም፣ ስለ መጀመሪያው ጥያቄሽ ብዙ ቀን ከራሴ ጋር ተሟገትሁልሽ። ለሕመሜ ብለሽ ጠይቀሽ፣ ባልሽ ከበር ኋላ ሆኖ ሰምቶን ይሆናል አልሁ። አምልጦሽ ነግረሽው ይሆናል አልሁ። ሁለተኛውን ግን የማደርስበት አጣሁ። ለሽንት ሕመም የዛፍ ስም ምን ያደርጋል? ባልሽ "ሂጂና ጠይቂያት" ብሎሻል፤ አንቺም መጥተሽ ጠየቅሽኝ። እጅሽ እንኳ ከመቋጠር አልቆመም።

አንድ ነገር ግን እስካሁን አልገባኝም። በተልባው ምትክ መርዝ ብትሰጪኝ ማንም አያውቅብሽም ነበር። አንቺ ግን ከልብሽ አዳንሽኝ። አድነሽ የላክሽኝ ባሌን እንድቀብር ነው?

ባላምባራስ ለብቻዬ ጠርቶ፣ "ሥራነሽ፣ የታከምሽው እህትሽ ቤት ነው። ቦታውን ነግረሻት ነበር?" አለኝ።

"አልነገርኋትም።"

"ትምያለሽ?"

በማርያም ማልሁለት። የአንሙት መቃብር ሣር ሳያበቅል፣ በሐሰት ማልሁ።

"እንግዲያው ሴቲቱ ነፃ ናት፤ ፈንታን ግን ከነቤቱ እናቃጥለዋለን" አለ። ለፈንታ አንድ ቃል አልተናገርሁለትም፤ ወደፊትም አልናገርለትም።

ስለዚህ የብርጓልን ይዘሽ ወደ እናታችን፣ ወደ ደብረ ወርቅ ሂጂ። እናቴ ታማለች በዪው። ቀኑን አልነግርሽም፤ ከእንግዲህ እንዲህ ያለ ነገር አልነግርሽም። ይህን ወረቀት ብታሳዪው ፈንታ ይተርፋል። ባላምባራስ ግን ማን እንዳስጠነቀቀው ለማወቅ ብዙ አይደክምም፤ እኔን ያስጠራኛል። በአንሙትና በፈንታ መካከል ስትመርጪ እኔ አላወቅሁም ነበር። አሁን በእኔና በፈንታ መካከል ስትመርጪ ግን እያወቅሁ እጠብቃለሁ።

የብርጓልን የአባታችን አምላክ ያሳድጋት። ለአንቺ የምመርቀውን ፈልጌ አጣሁ።

የአካለ ወልድ ልጅ
ሥራነሽ